አብራን የምትኖረው ልጅ ቲቢ ተገኘባት፤ ኩባያ ለይተናል፣ ሌላስ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል። አንደኛዋ ልጅ ከወር በላይ ስትስል ቆይታ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደች። የሳንባ ቲቢ ነው ተባለችና ከሦስት ቀን በፊት መድኃኒት ጀመረች። እኛ ኩባያዋንና ሳህኗን ለይተናል፤ ሁለቱ ልጆች ግን "ትውጣልን" እያሉ ነው። እኔንም ሰሞኑን ትንሽ ትንሽ ያስለኛል፣ ፈርቻለሁ። የአከራያችን የሦስት ዓመት ልጅም ከእኛ ክፍል አትጠፋም። ለእናቷ እንንገራት? ድርጅቱ ቢሰማስ ከሥራ ያባርሩናል? እባክዎ ይመልሱልኝ።

መልስ፦

እህቴ፣ ከኩባያው ልጀምር። መልሱት።

ቲቢ በኩባያ አይተላለፍም። በሳህን፣ በማንኪያ፣ በልብስ፣ በመጨባበጥ፣ ሽንት ቤት በመጋራት አይተላለፍም። አንድ ትሪ ላይ አብራችሁ ብሉ፣ ብታጎርሳችሁም ጉረሱ። ይሄን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። ሁላችንም ያደግነው ሳል ያለበት ሰው ዕቃው ለብቻው ጥግ ላይ ተቀምጦ እያየን ነዋ። ጀርሙ የሚሄደው ግን በአየር ነው። የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ጮክ ብሎ ሲያወራ ወይም ሲዘምር ደቃቅ ጠብታዎች ከሳንባው ይወጣሉ። ትላልቆቹ መሬት ላይ ይወድቃሉ፣ እነሱ ብዙም አያሳስቡንም። ደቃቆቹ ወዲያው ይደርቁና ጀርሙን እንደያዙ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ክፍሉ ዝግ ከሆነ ሰውየው ከወጣ በኋላ እንኳ ለሰዓታት እዚያው ሊቆዩ ይችላሉ። ያንን አየር የሚተነፍስ ሰው ነው የሚያዘው። ስለዚህ ኩባያዋን ለይታችሁ መስኮቱን ዘግታችሁ ከተኛችሁ፣ ልጅቷን አስከፋችኋት እንጂ ራሳችሁን አልጠበቃችሁም።

ዋናው ሥራችሁ መስኮቱ ነው። አውቃለሁ፣ እዚህ ላይ ከአገሩ ሰው ሁሉ ጋር ነው የምጣላው። የሠራተኛ ሰርቪስ ውስጥ ሰው ታጭቆ፣ ሦስት አራቱ እያሳለ፣ አንድ ሰው መስኮት ገርበብ ሲያደርግ ከኋላ "ኧረ ዝጋው፣ ነፋስ!" የሚል ይመጣል። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ይደግፈዋል። ነፋስ ቲቢ አያመጣም፣ ብርድም ቢሆን አያመጣውም። ቲቢ የራሱ ጀርም አለው፤ ሮበርት ኮክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1882 እ.ኤ.አ. ካገኘው ወዲህ በዚህ ጉዳይ ክርክር የለም። እንዲያውም ነፋሱ ነው ጀርሙን ጠርጎ የሚያወጣልን፣ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ይገድለዋል። (ለዚህ ለዚህ ባጃጅ ይሻላል። አቧራው እንዳለ ሆኖ ጎኑና ጎኑ ክፍት ነው።)

የሀዋሳን የኪራይ ክፍል አውቀዋለሁ። አንድ በር፣ አንድ ጠባብ መስኮት፣ አንዳንዱም መስኮት የሚባል ነገር የለውም። መስኮት ከሌላችሁ መስኮታችሁ በሩ ነው። ሰው ቤት ባለበት ሰዓት ሁለቱንም አንድ ላይ ክፈቱ፤ የምንፈልገው አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ነው። አንዱን ብቻ መክፈትም ከምንም ይሻላል፣ ግን አየሩ ቶሎ አይቀየርም። መስኮቱ ፊት ሻንጣ ወይም ልብስ ከከመራችሁ አንሱት። መጋረጃውንም ወደ ጎን ሰብስቡት።

ማታስ ትይኛለሽ። ትንኝ አለ፣ ሌባ አለ። ሁለቱም እውነት ነው። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፣ ወባ አለ፤ "መስኮት ከፍታችሁ ተኙ" ብዬ ብቻ ባልፍ ከአንዱ በሽታ አውጥቼ ሌላው ውስጥ ከተትኳችሁ ማለት ነው። ስለዚህ አጎበር ውስጥ ተኙና መስኮቱን ክፈቱ። አከራይዋ ከፈቀደች ደግሞ መስኮቱ ላይ የሽቦ ወንፊት ማስመታት ነው፣ አራት ሆናችሁ ብታዋጡ አይከብዳችሁም። ፍርግርግ ብረት የሌለው መስኮት ከሆነና ከፍቶ ማደር የሚያስፈራ ከሆነ፣ እስክትተኙ ድረስ በሩም መስኮቱም ክፍት ይቆይ፣ ጠዋት እንደተነሳችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር መክፈት ይሁን። ከሌሊት ፈረቃ መጥታ ቀን የምትተኛ ካለች ደግሞ ክፍት አድርጋ ትተኛ። "ብርሃን ይረብሸኛል" ካለች ዓይኗ ላይ ሻሽ ትጣል።

ልጅቷ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከተቻለ ለብቻዋ ፍራሽ ላይ፣ ከመስኮቱ ወይም ከበሩ አጠገብ ትተኛ። ቤት ውስጥ ስትሆን ማስክ ታድርግ። ማስኩ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው ተራ ማስክ ከእሷ የሚወጣውን ይቀንሳል፤ አየር ላይ ያለውን ደቃቅ ነገር እናንተ እንዳትተነፍሱት ግን በደንብ አይከላከልም። ለዚያ የሚሆነው ኤን 95 የሚባለው ነው፣ እሱን እኛ ሆስፒታል ውስጥ እንጠቀምበታለን፤ እናንተ ገንዘባችሁን አታውጡበት። ስታስል አፏን በሶፍት ወይም በክንዷ እጥፋት ትሸፍን። አክታዋን ክዳን ባለው ዕቃ ትትፋና ሽንት ቤት ትድፋው። ፍራሽ ማቃጠል፣ ግድግዳ በበረኪና ማጠብ፣ ልብሷን ለብቻ መቀቀል የሚባለውን ሁሉ ተዉት፣ ድካም ብቻ ነው።

አሁን "ትውጣልን" ወደሚሉት ልጆች እንምጣ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፣ ሐሳቡ ግን ልክ አይደለም። የሰብአዊነቱን ነገር እንኳ ትተን በስሌት ብቻ እንየው። እሷ አደገኛ የነበረችው ያለፈውን ወር ነው። ያኔ ማንም ሳያውቅ፣ መድኃኒት ሳትወስድ፣ ተቃቅፋችሁ ትተኙ ነበር። አሁን መድኃኒት ጀምራለች። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ከሳሏ ጋር የሚወጣው ሕያው ጀርም በፍጥነት ይወርዳል፤ መድኃኒቱ የሚሠራበት ዓይነት ቲቢ ከሆነና ሳታቋርጥ ከወሰደች ወደ 2 ሳምንት ገደማ ሲሆናት ለሰው የማስተላለፍ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። ብታባርሯት የት ትሄዳለች? ወይ ሌላ አምስት ሰው ያለበት ክፍል ትገባለች፣ ወይ ተደብቃ አገር ቤት ትሄድና መድኃኒቷን ታቋርጣለች። ሁለተኛው ይብሳል። እኔን የሚያስፈራኝ ታውቆለት መድኃኒት የጀመረ ሰው አይደለም። ሳይታወቅ የሚያስለው ነው። በዚሁ በሲዳማ፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከሚያስሉ ሰዎች አክታ መሰብሰብ ሲጀምሩ በምርመራ የሚገኘው የቲቢ ታማሚ ቁጥር በእጥፍ ገደማ ጨምሮ ነበር። በሽታው በአንድ ጊዜ አልተባዛም። ቀድሞም ቤቱ ተቀምጦ ሲያስል የነበረው ሰው ነው የተገኘው።

ስለዚህ ለሁለቱ ልጆች ይሄን ንገሪያቸው፦ እሷን ከማስወጣት እናንተ ተነሱና ጤና ጣቢያ ሂዱ። አራተኛዋ ታመመች ማለት ሦስታችሁም የመመርመሪያ ጊዜያችሁ ደረሰ ማለት ነው። እሷ የምትታከምበት የቲቢ ክፍል ራሱ "አብሮሽ የሚኖር ማን አለ?" ብሎ ጠይቆ መዝግቧችሁ ይሆናል፤ ካልጠየቀም እናንተ ሄዳችሁ "አብራን የምትኖር ልጅ ቲቢ ተገኝቶባት ነው" በሉ። ይቺ ዓረፍተ ነገር በር ትከፍታለች። በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው።

አንቺ ደግሞ እያሳለሽ ነው፣ የአንቺ ነገር ይቀድማል።

አትደንግጪ። ሳል ሁሉ ቲቢ አይደለም። ጉንፋን በድንገት ይጀምራል፣ አፍንጫ ያፈሳል፣ ያስነጥሳል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ይለቃል። የሳንባ ምች ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በኃይለኛ ትኩሳት ይመጣል፣ ሰውየው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ጎኑን ይወጋዋል፤ እሱ በዚያው ቀን ሐኪም ይፈልጋል። አስም ያፏጫል። ስፌት ቤት የምትሠሩ ሰዎች "የጨርቁ ብናኝ ነው" ትላላችሁ፣ ይሄም ይኖራል። ብናኝ የሚያመጣው ሳል ግን እረፍት ስትወጪ ይቀልልሻል፣ ሥራ ስትገቢ ይመለሳል። ሰው አያከሳም፣ ማታ በላብ አያጠምቅም። ቲቢ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ሳሉ አይለቅም፣ አክታ ይኖረዋል፣ ወደ ማታ ላይ ትኩሳት ቢጤ አለ፣ ሌሊት አንሶላው እስኪረጥብ ያልባል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ቀሚስ ይሰፋል። ደረት ሊወጋ ይችላል። ደም የቀላቀለ አክታ የሚያዩት የተወሰኑት ናቸው፤ "ደም ስላላየሁ ቲቢ አይደለም" እያለ ወራት የሚያሳልፍ ሰው ግን ብዙ ነው።

እናንተ ጋ ደግሞ እያንዳንዱ ምልክት ሰበብ አለው። መክሳቱ የካፌው ምግብ ነው፣ ላቡ የሀዋሳ ሙቀት ነው፣ ድካሙ የሌሊት ፈረቃ ነው፣ ትኩሳቱ ወባ ነው። ወባው ከሌለ ታይፎይድና ታይፈስ ነው። በዚህ አገር ታይፎይድና ታይፈስ ያልተባለ ትኩሳት የለም! ይሄን ስል ለቀልድ አይደለም፤ ለታይፎይድ ተብሎ የሚሰጠው ሲፕሮ የሚባለው ኪኒን የቲቢን ጀርምም በመጠኑ ይነካዋል። አያድነውም፣ ግን ለጥቂት ቀን ስለሚያዳክመው ሰውየው "ተሻለኝ" ብሎ ይቀራል፣ ምርመራው ይዘገያል፣ እስከዚያ ቤተሰቡ ያንኑ አየር ይተነፍሳል። የሳል ሽሮፕም እንዲሁ ነው። ማር በነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ዝንጅብል ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፣ ጠጡ፤ ግን ምርመራን አይተኩም።

በእኛ አሠራር 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ሁሉ ለቲቢ መመርመር አለበት። አንቺ ግን ከታማሚ ጋር አንድ ክፍል ስለምታድሪ 2 ሳምንት እስኪሞላሽ አትጠብቂ። ነገ ሂጂ። አክታ ስጪ ይሉሻል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፣ ብዙ ሰው ምራቅ ሰጥቶ ይመጣና "የለብህም" ይባላል። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሳሽ አፍሽን በውኃ ተጉመጥመጪ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሺ፣ ከዚያ በኃይል ስለሽ አክታውን ከደረትሽ ውስጥ አውጪ። ወፈር ያለ መሆን አለበት። ይሄን ስታደርጊ ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ግቢ ወጥተሽ ከሰው ራቅ ብለሽ ነው። ናሙናው ጂን ኤክስፐርት በሚባል መሣሪያ ይመረመራል። ማሽኑ ራሱ በ2 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ ውጤቱ እጅሽ እስኪገባ ግን እንደ ጤና ጣቢያው ሊቆይ ይችላል። መሣሪያው ቲቢ መኖሩን ብቻ አይደለም የሚናገረው፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው ዋና መድኃኒት ይሠራበት እንደሆነ ጭምር ያሳያል። በዚህ አጋጣሚ ጓደኛሽም የራሷ ውጤት በዚህ በኩል ምን እንዳለ ትጠይቅ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሆነ የእሷ ሕክምናም የእናንተ ክትትልም ይለያል፣ እኔ ከላይ "2 ሳምንት" ያልኩትም ለዚያ አይሠራም። አንዳንዴ ራጅም ያዛሉ።

ሳል ለሌላቸው ሁለቱ ልጆችም መልስ አለ፣ ይሄን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። የቲቢን ጀርም የተነፈሰ ሰው ሁሉ አይታመምም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ጀርሙ ገብቶበታል ተብሎ ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። የቀሩት ላይ ሰውነት ይዞ ያስቀምጠዋል። ከሚታመሙት ብዙዎቹ ጀርሙ በገባባቸው የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው የሚታመሙት። ስለዚህ የታመመ ሰው አጠገብ ለኖረና ምርመራ ተደርጎለት ቲቢ ለሌለበት ሰው የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣል። አንደኛው ዓይነት በሳምንት አንድ ቀን ለ3 ወር የሚዋጥ ነው፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ። ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ እንኳ ይመቻል። ግን ከምርመራ በፊት አይጀመርም። ንቁ ቲቢ ያለበት፣ ማለትም የታመመ ሰው መከላከያውን ብቻ ቢወስድ ጀርሙን መድኃኒት ሊያስለምደው ይችላል። "ልጅ ሳለሁ ተከትቤያለሁ፣ ክንዴ ላይ ጠባሳው አለ" የምትል ካለች፣ ያ ክትባት ጥሩ ነው፣ ግን ዋና ሥራው ሕፃናትን ከከባዱ የቲቢ ዓይነት፣ ለምሳሌ ወደ አንጎል ሽፋን ከሚገባው መጠበቅ ነው። ትልቅ ሰው ላይ አትተማመኑበት።

የአከራይዋ ልጅ። አዎ፣ ለእናቷ ንገሯት፣ ዛሬውኑ። ከናንተ ሁሉ በላይ እኔን የምታሳስበኝ ሕፃኗ ናት። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀርሙ ከገባበት የመታመም ዕድሉ ከትልቅ ሰው በጣም ይበልጣል፣ ሲታመምም ይከፋበታል። ልጅ ላይ ምልክቱም ይለያል፤ ክብደት አይጨምርም፣ ጨዋታ ይተዋል፣ ትኩሳት ይመላለሳል፣ ሳሉ ቀላል ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ያሉ ሕፃናት አክታ ማውጣት ስለማይችሉ ከሰገራ ጭምር መመርመር ይቻላል፣ እናትየው "እንዴት አድርገው ነው የሚመረምሯት?" ብላ አትጨነቅ። ልጅቷ ደህና ከሆነች የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣታል። እናትየው ብትቆጣስ ትያለሽ መቼም። ልትቆጣ ትችላለች። ልጅቷን ከነሳሏ ተሸክማ የሦስተኛ ሰው ወሬ ሰምታ ከምትመጣ ግን ከናንተ ብትሰማ ይሻላል፣ በተለይ ራሷ ታማሚዋ አብራ ብትኖር። "እትዬ፣ መድኃኒት ጀምራለች፣ እኛም ልንመረመር ነው፣ ሚጢጢንም አብረን እንውሰዳት" በሏት። እስከዚያ ሕፃኗ እናንተ ክፍል አትግባ፣ ግቢው ውስጥ ደጅ ላይ ብታጫውቷት ግን ችግር የለውም።

ስለ ጓደኛሽ ሕክምና ጥቂት ልበል፤ አብራችሁ ስለምትኖሩ የምትረዷት እናንተ ናችሁ። ሕክምናው 6 ወር ነው። የመጀመሪያው 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጣዩ 4 ወር ሁለት ዓይነት፣ በቀን አንድ ጊዜ። ሽንቷ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ይሆናል፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ደም አይደለም። ይሄን ቀድሞ የነገራት ሰው ከሌለ ደንግጣ ልታቋርጥ ትችላለች። እጅ እግሯን ከደነዘዛት ለቲቢ ክፍሉ ትናገር፣ ቫይታሚን ይጨምሩላታል። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ማስታወክ ከበዛባት ወይም እይታዋ ከደበዘዘ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ትሂድ። መጠጥ ይቅርባት፣ መድኃኒቱም መጠጡም ጉበት ላይ ነው የሚሠሩት።

አንድ ነገር ደግሞ በሹክሹክታ ሳይሆን በግልጽ ልናገር፣ ክፍሉ ውስጥ አራት ወጣት ሴቶች ስላላችሁ። ሪፋምፒሲን የእርግዝና መከላከያ ኪኒንን ያዳክማል። ክንድ ላይ የሚቀበረውንና ድንገተኛ የሚባለውን ፖስት ፒል ጭምር። በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰደው የቲቢ መከላከያም እንዲሁ ነው። በየ3 ወሩ የሚወጋው መርፌ ግን አይነካም። ስለዚህ መከላከያ የምትጠቀም ካለች ለባለሙያዋ ትንገር፣ አታፍሩ። ከቲቢ ምርመራ ጋር የኤች አይ ቪ ምርመራም ይጠይቋችኋል። ለሁሉም ነው የሚጠየቀው፣ "ጠረጠሩኝ" ብላችሁ እንዳትከፉ። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው በቲቢ ቶሎ ስለሚታመም ማወቁ ሕክምናውን ይለውጠዋል።

ለጓደኛሽ አደገኛዋ ጊዜ መድኃኒት ከጀመረች 2 ወር ሲሞላት ናት። ሳሏ ጠፍቷል፣ ኪሎ ጨምራለች፣ ጉንጯ ተመልሷል፣ "ድኛለሁ፣ ከዚህ በኋላ ለምን ልዋጥ" የምትለው ያኔ ነው። የቀረው ጀርም ያልሞተው ጀርም ነው፣ ስታቋርጥ የሚመለሰው እሱ ነው፣ ሲመለስም መድኃኒቱን ተላምዶ ሊሆን ይችላል። ለፊቼ ጨምበላላም ሆነ ለፋሲካ አገር ቤት ስትሄድ ቀድማ ለጤና ጣቢያው ትንገራቸው፣ የሚበቃትን መድኃኒት ወይም የዝውውር ወረቀት ይሰጧታል። ጸበል ብትጠመቅ፣ አዳር ጸሎት ብትሄድ እኔ የምቃወመው ነገር የለም፣ መድኃኒቷ ኪሷ ውስጥ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ግን ዝግ አዳራሽ ውስጥ አትደር።

የቀረው ሥራው ነው። "ያባርሩናል?" ላልሽው፣ እናንተ ሦስታችሁ ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ስለኖራችሁ ብቻ ከሥራ የምትቀሩበት ምክንያት የለም። ጓደኛሽን በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጣታል። የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አላት፤ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። እሷ የሚያስፈልጋት 2 ሳምንት፣ ቢበዛ ጥቂት ጨምሮ ነው፤ ይሄ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ወር ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ አቅሟ ከተመለሰና ሐኪሟ ከፈቀደላት መድኃኒቷን እየዋጠች ትሠራለች። የድርጅቱ ክሊኒክ ነርስ ብታውቅ ጥሩ ነው፣ በተለይ አጠገቧ ባሉት ማሽኖች ላይ የሚሠሩና የሚያስሉ ካሉ ቶሎ እንዲመረመሩ። ለመላው ክፍል ማወጅ ግን የማንም መብት አይደለም።

ከሥራ የምትቀር ከሆነ አዋጁ በቀረችበት ማግስት አሠሪዋን እንድታሳውቅ ይጠይቃልና አትዘግይ። ለሱፐርቫይዘር በቃል መንገር ብቻ አይበቃም፤ ነገ ሰውየው "አልሰማሁም" ቢል ምን ይዛ ትከራከራለች? የሐኪም ወረቀቱን ኮፒ ታድርግ፣ ዋናውን ለሰው ኃይል አስተዳደር ስትሰጥ የተቀበላት ሰው ኮፒው ላይ ቀን ጽፎ ፈርሞ ይመልስላት።